ክንዱን የደበቀው ዶክተር

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

አቡ ዳቢ፣ አል ራሐ ቢች። ከሦስተኛ እስከ ሰባተኛ ፎቅ የኤሲ ማጣሪያ ሳጥብ ዋልኩ። በፆም አፍ፣ በዚህ ሙቀት... ሰዉ በሩን ገርበብ አድርጎ ማጣሪያውን በእግሩ እየገፋ ነው የሚሰጠኝ። አንዷ ማዳም ጭራሽ መድኃኒት ነፋችብኝ፣ እንደ ትንኝ። ሹክረን ብዬ አመስግኜ ወጣሁ። ምን ልበል?

ከዚያ መዋኛው። በኮሮናው ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ዝግ ነው፣ ግን ውኃው እንዳይበላሽ ክሎሪን ይጨመርበታል። ማንም የማይገባበት ጥርት ያለ ውኃ። ፎቶ አንስቼ አል ዐይን ላለው ለሙጃሂድ ላክሁለት። የኮምቦልቻ አብሮ አደጌ ነው፣ እዚያ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር። ወዲያው ቮይስ መጣ፦ «ከሥር የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ! ውጣ አንተ!»

ያው ተጀመረ። ሃያ አራት ዓመት የማያልቅ ክርክር። ወልደ ሚካኤል በዱላ እያመለከተ በአማርኛ በሚተርክበት ቪዲዮ ቤት በአንድ ክረምት ያየናቸው ሦስት ፊልሞች። ሦስቱም ባሕር ሥር፣ ብረት ቤት ውስጥ የተዘጉ ሰዎች፣ ከጨለማ የሚመጣ አውሬ። ሦስቱም በአንድ ዘመን የተሠሩ፣ ወንድማማች የሚመስሉ። ትክክለኛ ስማቸውን እስከ ዛሬ አናውቅም። እኛ ያወጣንላቸው ነው ያላቸው፦ ቀይ ቱታ፣ ሸርጣኑ፣ ዶክተሩ። ሙጃሂድ ዶክተሩን የሚያህል የለም ይላል። እኔ ሸርጣኑ።

ተደራራቢው አልጋ ላይ ከሥሬ የሚተኛው ሐሚድ ሳል ይዞታል።

ግንቦት 13

ሐሚድን በአምቡላንስ ወሰዱት። የሠራተኛው ካምፕ በሙሉ እሑድ ይመረመራል ተባለ። የዒድ ዕለት! ፎርማኑ ደግሞ ኩባንያው ሰው ሊቀንስ ነው አለ። ስም ዝርዝር እየተጻፈ ነው። የታመመ የመጀመሪያው ይሆናል ብሎ የሚያወራው ሰው ብዙ ነው። እውነት ይሁን አይሁን ማን ያውቃል... የካምፓችን ሰፈር፣ ሙሳፋህ፣ ሙሉ ወሬ ነው።

ግንቦት 14፣ ዓርብ

የክሎሪኑን በርሜል ከፈትኩ። ምንም አልሸተተኝም።

ሌላ ጊዜ ዓይን የሚያስለቅስ ነገር። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ባዶ። ማስኬን አውልቄ ደገምኩ። ባዶ።

ጉንፋን ነው። ኤሲ ነው። ፆሙ ነው... ለማንም አልተናገርኩም።

ግንቦት 15

የጭነት መኪና ሾፌሩ ዘውዱ ነገ ጠዋት ውኃ ጭኖ አል ዐይን ይሄዳል። ጋቢናው ውስጥ ቦታ አለ? ብዬ ጠየቅሁት። አለ። ለሙጃሂድ ደወልኩ። «ለዒድ ልመጣ ነው።» በደስታ ጮኸ። ሰው ቤት መሄድ እኮ ክልክል ነው፣ ቅጣት አለው አልኩት። እኔው ራሴ! እንዲከለክለኝ ፈልጌ ይሆን? «አንተ እንግዳ ነህ እንዴ?» አለኝ።

እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ የምጽፍበት የለኝም። የምሄደው ለዒድ አይደለም። ከምርመራው ለመሸሽ ነው።

ግንቦት 17

ተመለስኩ። መርማሪዎቹ ትናንት መጥተው ሄደዋል። ፎርማኑ ስሜ ላይ «አል ራሐ፣ ሥራ ላይ» ብሎ ጽፎልኛል። በራሱ ነው፣ አልለመንኩትም።

ሙጃሂድ የሚኖረው ከቪላው ጓሮ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ከአያ አብዱ ጋር። አያ አብዱ የግቢው አትክልተኛ ናቸው፣ የሐርቡ ሰው፣ ወደ ስድሳ ይጠጋሉ፣ ስኳር አለባቸው። ከቤተሰቡ የመጣ ሩዝና ሥጋ ነበር። በላሁ እንጂ አልጣመኝም፣ የሥጋው ጣዕም ጠፍቶብኛል። «አላህ ይስጥልኝ፣ እንዴት ይጣፍጣል!» አልኩ። ውሸታም።

ሲያስለኝ መታጠቢያ ቤት እገባና ቧንቧውን እለቀዋለሁ። የውኃው ድምፅ ሳሉን እንዲሸፍነው። አምስት ጊዜ? ስድስት? ሙጃሂድ፣ «ሆድህን ነው?» አለኝ። አዎ አልኩ። ሳቀብኝ።

ሰዓት እላፊ ስላለ ማደር ነበረብኝ። አያ አብዱ ፍራሻቸውን ለቀቁልኝ። እምቢ አልኩ። «እኔ መሬት ይሻለኛል፣ ወገቤን ያቃናልኛል፤ ተኛ በላ» አሉኝ። ሁለት አልጋ የማይገባበት ክፍል ነው። ጭንቅላታቸው ከጭንቅላቴ አንድ ክንድ አይርቅም።

ፊልሞቹን ለሳቸው ስንተርክላቸው አመሸን። ሙጃሂድ እንደ ወልደ ሚካኤል ዱላ ይዞ ግድግዳው ላይ እያመለከተ... አያ አብዱ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ሦስቱም አንድ ናቸው እኮ!» አሉ። «አንዱን አይቶ መተኛት ነው እንጂ!»

ግንቦት 22

ዛሬ ክሎሪኑ ሸተተኝ። አልሐምዱሊላህ። ሳሉም የለ። ዝርዝሩም ወጣ፣ ስሜ የለበትም። ሐሚድ እንኳ ተመልሷል፣ የሱም ስም የለም! በሽታ የያዘው አንድም ሰው አልተቀነሰም። እና ምን ነበር የሸሸሁት?

ኸላስ። አለፈ።

ግንቦት 25

አላለፈም።

ከዛሬ ጀምሮ ከአቡ ዳቢ አል ዐይን መሄድ ተከልክሏል። መንገዱ ተዘጋ። ሙጃሂድ ከሰዓት ደወለ። አተኩሶታል። «አያ አብዱም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰውነታቸው ከብዷቸዋል፣ ምግብ አይበሉም» አለኝ። ዝንጅብል አፍላላቸው አልኩ። ሌላ ምን አልኩ? ምንም።

ቀን ቆጠርኩ። ዒድ 16። ዛሬ 25። ደግሜ ቆጠርኩ።

ግንቦት 28

አያ አብዱ ሆስፒታል ገቡ። ኦክስጅን ላይ ናቸው። ሙጃሂድ ቀለል ብሎታል። አንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻውን ዘግተውበታል፣ ምግብ በር ላይ ያስቀምጡለታል። «ብረት ቤቱ ውስጥ ገባሁልህ» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «አንድ ነገር አውራኝ ዘከሪያ። ስለ ፊልሞቹ አውራኝ። ዝም ስል አያ አብዱ ናቸው የሚመጡብኝ።»

አወራሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ። መቼም ከኔ የሚጠበቀው ይሄ ብቻ ከሆነ...

ሰኔ 1

በየቀኑ ነው አሁን። ከሥራ ስወጣ ይደውላል፣ ባስ ላይ እጀምርና ሙሳፋህ እስክደርስ። ነገሩን እንደ ዳኛ በሥርዓት ይዞታል። አውሬው መጀመሪያ የሚታየው የቱ ላይ ነው? ቀይ ቱታ ላይ ቶሎ ያሳዩናል፣ ለዚያ ነው የማያስፈራው። ሸርጣኑ አይሱዙ ያህላል፣ ግን ጀርባው ላይ የተሰፋበት ክር ይታያል። የዶክተሩ አውሬ እስከ መጨረሻው ጥፍሩ ብቻ ነው። ኮሪደሩስ? «ወላሂ ሦስቱም አንድ ኮሪደር ነው! ቀለም ቀብተው ነው የሰጡን» ይላል። ሦስቱም ላይ ከላይ ያለው አለቃ ሊፍቱን አልልክም ይላል። ሦስቱም ላይ ከሁሉ የምትበልጥ ሴት አለች፣ ማንም አይሰማትም።

ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ተነክሶ አውሬውን በሰውነቱ ይዞ የሚገባው ሰውስ? ቀይ ቱታ ላይ ወጥ ቤቱ ነው። ዶክተሩ ላይ ራሱ ዶክተሩ። እጅጌውን ጎትቶ ክንዱን የሚደብቃት ነገር... ትዝ ይልሃል? አብሯቸው ራት ይበላል እኮ!»

ትዝ ይለኛል አልኩ። ኔትወርክ የጠፋ አስመስዬ ዘጋሁት።

ሸርጣኑን ለምን እንደምወደው ዛሬ ገባኝ። ሸርጣኑ ላይ የተነከሰ ሰው የለም። አውሬው ከውጭ ነው የሚመጣው። ማንም አላመጣውም።

ሰኔ 4

ዶክተሩን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት! ስንት ዓመት ስንፈልገው... በሽፋኑ ሥዕል ነው ያወቅሁት።

ለምን እንደፈለግሁት ልጻፍ። ኮምቦልቻ ያየን ቀን መጨረሻው ሳይደርስ መብራት ጠፋ። ሕዝቡ ብሬን መልስ ብሎ ጮኸ። ወልደ ሚካኤል ወንበር ላይ ወጥቶ የቀረውን በአፉ ነገረን፦ ዶክተሩ ሁሉንም ሰበሰበ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳየ፣ «እናንተ ውጡ፣ እኔ እቀራለሁ» አለ፣ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ሰው አጨበጨበ። ሙጃሂድ አለቀሰ። ለሱ ፊልም ማለት ያ ነው። «ግን ቀይ ቱታ ላይም ወጥ ቤቱ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ሁለት ፊልም እንዴት በአንድ ዓይነት ያልቃል?» እያለ ይገረም ነበር።

አሁን አየሁት። በአንድ ዓይነት አያልቁም። ወልደ ሚካኤል የቀይ ቱታውን መጨረሻ አምጥቶ ዶክተሩ ላይ ለጠፈልን። ሺህ ተመሳሳይ ፊልም ለሚተረጉም ሰው መምታታቱ አይገርምም... ወይ ራሱም መጨረሻውን አላየውም።

እውነተኛው እንዲህ ነው። ሰዎቹ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ሦስት ይተርፋሉ። በትንሿ ጀልባ ወደ ላይ ይወጣሉ። ፀሐይ። ይሳሳቃሉ። ዶክተሩም ይስቃል። እጅጌው እስከ አንጓው ወርዷል። አለቀ።

ማንም አላወቀበትም።

ለሙጃሂድ ዶክተሩን አገኘሁት ብቻ ብዬ ጻፍኩለት፣ መጨረሻውን አልነገርኩትም።

ሰኔ 9

አያ አብዱ ሞቱ። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ሰኔ 10

አል ዐይን ቀበሯቸው። ጀናዛው ላይ አራት ሰው ብቻ። ሙጃሂድን ከሆቴሉ አላስወጡትም፣ እኔ መንገድ ተዘግቶብኛል። ፓምፕ ክፍሉ ውስጥ ካርቶን አንጥፌ ብቻዬን ሰገድኩላቸው። መሐል ላይ ቆምኩ። እኔ ነኝ እንዴ ዱዓ የማደርግላቸው? በየትኛው ፊቴ?

ጨረስኩት ግን።

ሰኔ 11

ሙጃሂድ ደወለ። ድምፁ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«ምን ትላለህ አንተ?»

«በዒድ ሦስተኛው ቀን አትክልት ገበያ ሄድኩ። ከአንዱ ጋር በዋጋ ስንከራከር ማስኬን አወረድኩት። እዚያ ነው የያዘኝ። ይዤላቸው ገባሁ።»

ነገረኝ እኮ። በር ከፈተልኝ። «ከገበያው አይደለም» ማለት ነበር። ሁለት ቃል። አፌን ከፈትኩ... «አብሽር ወንድሜ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» የሚል ወጣ።

አላህን መደበቂያ አደረግሁት። ከቧንቧው ይሄኛው ይብሳል።

ሰኔ 12

እንቅልፍ የለም። ፎርማኑ ከሳህ አለኝ። ሙቀቱ ነው አልኩ።

ሰኔ 15

ሙጃሂድ ለአያ አብዱ ባለቤት፣ ለእትዬ ዘሂራ ደውሏል። እኛ ዘንድ የሟች ሐቅ ያለበት ሰው ቤተሰቡን አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ይላል፤ እሱም አለ። እያለቀሰ። ባልሽ ላይ እኔ ነኝ በሽታ ያመጣሁት አላት። «ሳትውል ሳታድር አፉ አለችኝ» ይለኛል። «ቀለለኝ ዘከሪያ። ወላሂ ዛሬ እህል በላሁ።»

እና አሁን? አፉታው ተሰጥቷል፣ ለማይገባው ሰው። እሱ ቀሎታል፣ እሷ ይቅር ብላለች። ብናገር የሱን ሰላም አፈርሳለሁ፣ የሷን ቁስል እነካለሁ። ዝም ብል ማን ይጎዳል?

አየህ? ዶክተሩም እንዲህ ነው ያሰበው። ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ።

ሰኔ 16

መንገዱ ተከፈተ። አሁን ተዘግቶብኛል ማለትም ቀረ።

ሰኔ 17

ነገርኩት።

ድምፁን እየሰማሁ በስልክ አልቻልኩም፣ በቮይስ ነው። ሁለቴ ቀድቼ አጠፋሁ፣ ማብራሪያ በዝቶበት። ሦስተኛው አጭር ነው። «ሙጃሂድ፣ ከገበያው አይደለም። ለዒድ ስመጣ ክሎሪን አይሸተኝም ነበር። አውቄ ነው የመጣሁት። ከምርመራ ሸሽቼ። ቧንቧውን የምከፍተው ሆዴን አሞኝ ሳይሆን ለማሳል ነበር። አያ አብዱን እኔ ነኝ። አንተንም እኔ ነኝ።»

ሰማው። ምልክቱ ሰማያዊ ሆነ።

ሰኔ 18

መልስ የለም።

ሰኔ 22

የለም። ዛሬ ተመረመርኩ፣ ነፃ ነህ አሉኝ። ነፃ!

ሰኔ 28

ከሙጃሂድ መልእክት ደረሰኝ። ሰላምታ የለውም። የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥር ብቻ። የእትዬ ዘሂራ።

ሐምሌ 2

አራት ቀን ቁጥሩን ይዤ ዞርኩ። ዛሬ በምሳ ሰዓት፣ መዋኛው ዳር ቁጭ ብዬ ደወልኩ።

«እትዬ ዘሂራ፣ የሙጃሂድ ጓደኛ ነኝ። ዘከሪያ እባላለሁ።»

«ባለ ቧንቧው?»

ቧንቧውን ማን ነገረሽ? አልኳት።

በዒድ ማታ አያ አብዱ ደውለውላታል። እንደነገረችኝ እንዲህ ብለዋት ነበር፦ «አንድ ልጅ እንግድነት መጥቶልናል፣ አሞታል። እንዳንሰማው መታጠቢያ ቤት እየገባ ውኃ ለቆ ያስላል። ፍራሼ ላይ ኤሲው ስለማይነፍስ ለሱ ሰጠሁት። አፍሯል፣ ለሙጃሂድም አልነገርኩበት። አንቺም እንዳትናገሪ።»

ያውቁ ነበር። እያወቁ ራስጌዬ ተኙ።

«ሙጃሂድ ሲያለቅስ ስሰማ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር» አለችኝ። «የሟች አደራ ሆነብኝና ዋጥኩት። አንተ እስክትደውል ስጠብቅ ነበር።»

አፉ በይኝ አልኩ። አለቀስኩ መሰለኝ። እሷ አላለቀሰችም።

«ለሙጃሂድ ቶሎ አፉ ያልኩት ጥፋት ስላልነበረበት ነው። አንተ ግን ጥፋት አለብህ። ቶሎ አይሆንልኝም። በዐረፋ ደውል።»

ሐምሌ 3

ለሙጃሂድ «ደውያለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። የነገረችኝንም ሁሉ። አነበበው። አልመለሰም።

ሐምሌ 23፣ ዐረፋ

ደወልኩ። ከልጆቿ ጋር ነበረች፣ ወደ ደጅ ወጥታ አናገረችኝ። መጀመሪያ ያንን ምሽት ንገረኝ አለች። ምን በላ? በምን ሳቀ? ነገርኳት። የሙጃሂድን ዱላ፣ የብረት ቤቱን፣ «አንዱን አይቶ መተኛት ነው» ያሉትን። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

«አፉ ብዬሃለሁ» አለች። «ሂድና ለሱም መቃብሩ ላይ ንገረው። እኔ መቃብሩን አላየሁም።»

ሐምሌ 24፣ ዓርብ፣ የዒድ ዕለት

አል ዐይን። ከምርመራ ወረቀቴ ጋር። ማንም ሳይጠይቀኝ ከኪሴ እያወጣሁ ለሁሉም አሳያለሁ፣ ለባስ ሾፌሩም ጭምር።

ሙጃሂድ መቃብሩ በር ላይ ጠበቀኝ። አልጨበጠኝም። የበሽታው ደንብ ይሁን የኔ ነገር አላወቅሁም፣ አልጠየቅሁምም። አያ አብዱ የአሸዋ ክምርና ቁጥር ሆነዋል። ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የሚያውቁትንም። ሙጃሂድ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ለእትዬ ዘሂራ ፎቶ አነሳልኝ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ከኋላ ነው የተቀመጥኩት፣ መስኮቱ ክፍት።

«ዶክተሩን አገኘሁት ብለህ ጽፈህልኝ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«መጨረሻው ምንድን ነው?»

ነገርኩት። ጀልባዋን፣ ፀሐዩን፣ እጅጌውን። መኪናውን ወደ ቪላው መንገድ አጠፈው።

«ወልደ ሚካኤል ዋሸን በለኛ።»

«ዋሸን።»

«ሃያ አራት ዓመት ያለቀስኩለት ሰው...» ራሱን ነቀነቀ። «የወልደ ሚካኤል ይሻላል።»

«ይሻላል» አልኩ።

የጓሮዋ ክፍል ሰፍታለች። የአያ አብዱን ፍራሽ የጤና ሰዎቹ ወስደው አቃጥለውታል፣ ቦታው ባዶ ነው። ልሂድ፣ የማታው ባስ ሳያመልጠኝ ብዬ ተነሳሁ። ሙጃሂድ ወደኔ ሳያይ የራሱን ፍራሽ ጎትቶ እዚያ ባዶው ቦታ ላይ ዘረጋው። ለራሱ ብርድ ልብስ መሬት ላይ አነጠፈ።

«ደህና ነኝ እኮ፣ ወረቀቱ...»

«ወረቀትህን ተውልኝ» አለ። «ካሳለህ ቧንቧ አትክፈት። እዚሁ ሳል፣ ልስማው።»